በሁለት አነስተኛ የክልል ኤርፖርቶች መካከል ያለውን ርቀትና የበረራ ጊዜ ማስላት፦ ዝርዝር መመሪያ

የሁለት ኤርፖርቶችን ስም ኢንተርኔት ላይ ካሉት ማስሊያዎች በአንዱ ብታስገቡ ርቀቱም የበረራ ጊዜውም ወዲያው ይወጣል። ርቀቱን አብዛኛውን ጊዜ ማመን ይቻላል፤ ጊዜውን ግን አትመኑት። ብዙዎቹ ማስሊያዎች ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ ፍጥነት ያካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ 30 ደቂቃ ይጨምሩበታል። ይህ በትልልቅ ኤርፖርቶች መካከል ረጅም መንገድ ለሚበር ጄት ያስኬዳል። በትንንሾቹ መካከል የሚመላለሰው አውሮፕላን ግን ብዙ ጊዜ ባለ ፕሮፔለር ነው። መንገዱም አጭር ስለሆነ የጊዜው ግማሽ ያህል የሚያልቀው በሁለቱ ጫፎች ላይ ነው፤ መሬት ላይ በመንዳት፣ በመውጣትና በመውረድ።

1. መጀመሪያ የምትፈልጉትን ለዩ

“ርቀት” ሲባል ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛው በመሬት ክብ ገጽ ላይ ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው አጭሩ መስመር ነው። ሁለተኛው አውሮፕላኑ በትክክል የሚበረው መንገድ ሲሆን ሁልጊዜም ከመጀመሪያው ይረዝማል። ሦስተኛው የመኪና መንገድ ነው፤ ተራራ ወይም ትልቅ ውኃ ባለበት ከአየሩ በእጥፍ ሊበልጥ ስለሚችል ለበረራ ስሌት አይረዳም።

ጊዜም እንዲሁ ነው። ጎማው መሬት ከለቀቀበት እስከነካበት ያለው የአየር ላይ ጊዜ ነው። አውሮፕላኑ ከማቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት እስከሚቀጥለው ማቆሚያ እስኪቆም ያለው ደግሞ “ብሎክ ታይም” ይባላል። ትኬት ላይ የሚታተመው መነሻና መድረሻ ሰዓት የሚነግራችሁ ይህንን ሁለተኛውን ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ከመጀመሪያው 10 ደቂቃ ይስታል፤ ትልቅ ኤርፖርት ካለበት ደግሞ 25።

2. ትክክለኛውን የመገኛ ነጥብ አግኙ

የከተማውን ሳይሆን የኤርፖርቱን ኬክሮስና ኬንትሮስ ውሰዱ። ከመሀል ከተማ 30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር ርቀው የተሠሩ ኤርፖርቶች ብዙ ናቸው፤ በ200 ኪሎ ሜትር በረራ ላይ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። እያንዳንዱ ኤርፖርት አንድ ይፋዊ የማጣቀሻ ነጥብ አለው፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በመንደርደሪያው መሀል አካባቢ ነው። ነጥቡን የየአገሩ ሲቪል አቪዬሽን በሚያወጣው የአቪዬሽን መረጃ ጥራዝ፣ ማለትም ኤአይፒ ውስጥ፣ በየኤርፖርቱ ገጽ ኤዲ 2.2 በሚለው ክፍል ታገኙታላችሁ። የኤርፖርቱ ከፍታም እዚያው ስላለ አብራችሁ ጻፉት፤ በኋላ ያስፈልጋል።

ስትፈልጉ በስም ሳይሆን በኮድ ፈልጉ። ትኬት ላይ ያለው ባለ ሦስት ፊደል የአያታ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር ኮድ ነው፤ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች የሚጠቀሙበት ባለ አራት ፊደሉ ደግሞ የኢካኦ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነው። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ከተሞች በተለያየ አገር ስላሉ ስም ያሳስታል። አዲስ ኤርፖርት ተሠርቶ አሮጌው ከተዘጋም አንዳንድ ዝርዝሮች አሮጌውን ነጥብ እንደያዙ ይቀራሉ።

አጻጻፉ ላይ ተጠንቀቁ። በኤአይፒ 441200 ተብሎ የተጻፈ ኬክሮስ 44 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ከ00 ሰከንድ ማለት ነው እንጂ 44.12 ዲግሪ አይደለም። ደቂቃውን ለ60፣ ሰከንዱን ለ3,600 አካፍላችሁ ደምሩ፤ ውጤቱ 44.20 ይሆናል። ይህቺ የ0.08 ዲግሪ ልዩነት ብቻዋን 9 ኪሎ ሜትር ያህል ታሳስታለች። ደቡብ ኬክሮስና ምዕራብ ኬንትሮስ የመቀነስ ምልክት ይያዙ። ምልክቱ ከተረሳ ወይም ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ቦታ ከተለዋወጡ ውጤቱ አንዳንዴ ዓይን የሚያስፈጥጥ ስለሚሆን ወዲያው ይታወቃል። በምድር ላይ ማንኛውም ሁለት ነጥብ ከ20,000 ኪሎ ሜትር ብዙም አልፎ ሊራራቅ አይችልም፤ ችግሩ ስህተት የሆነው ቁጥር ከዚህ ያነሰና አሳማኝ ሲሆን ነው።

3. አጭሩን መስመር አስሉ

እዚህ ላይ ኖቲካል ማይል ሥራን ያቀላል። አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአንድ ደቂቃ ኬክሮስ ጋር እኩል ሊባል ይችላል። ስለዚህ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 60 ኖቲካል ማይል ወይም 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር እየጠበበ ስለሚሄድ በኬክሮሱ ኮሳይን መባዛት አለበት።

ለማሳያ የታሰቡ ሁለት ነጥቦችን እንውሰድ። ኤርፖርት ሀ በ44.20 ሰሜንና በ20.50 ምሥራቅ፣ ኤርፖርት ለ ደግሞ በ47.00 ሰሜንና በ26.00 ምሥራቅ ላይ ናቸው።

የሰሜን–ደቡብ ልዩነት 2.8 ዲግሪ ነው፤ በ60 ሲባዛ 168 ኖቲካል ማይል።
የምሥራቅ–ምዕራብ ልዩነት 5.5 ዲግሪ ነው፤ በ60 ሲባዛ 330። የሁለቱ ኬክሮስ አማካይ 45.6 ዲግሪ ሲሆን ኮሳይኑ 0.70 ያህል ነው። 330 በዚህ ሲባዛ 231 ይሆናል።
168ን በራሱ፣ 231ንም በራሱ አባዝታችሁ ደምሩና የድምሩን ካሬ ሩት ውሰዱ፤ 286 ኖቲካል ማይል ወይም 529 ኪሎ ሜትር።

ኮሳይኑን የረሳ ሰው 370 ኖቲካል ማይል ወይም 686 ኪሎ ሜትር ያገኛል። በእጅ ስሌት ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ይህ ነው፤ ወደ ዋልታ በቀረባችሁ ቁጥርም ይብሳል። በምድር ወገብ አካባቢ ግን ኮሳይኑ ወደ 1 ስለሚጠጋ ስህተቱ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ለዚያ ነው አንድ ቦታ ላይ የሠራ ቀመር ሌላ ቦታ ላይ የሚከዳው።

ይህ አቋራጭ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ለሆነ ርቀት ይበቃል፤ ወደ ዋልታ ለተጠጉ ቦታዎች ግን አይሆንም። ከዚያ በላይ ሲሆን “ሃቨርሳይን” የሚባለውን ቀመር ተጠቀሙ። የኬክሮስ ልዩነቱን ግማሽ ሳይን በራሱ አባዙ። የኬንትሮስ ልዩነቱን ግማሽ ሳይንም በራሱ አባዙና ውጤቱን በሁለቱ ኬክሮሶች ኮሳይን አባዙት። ሁለቱን ደምሩ፤ የድምሩን ካሬ ሩት አውጡና አርክሳይኑን በራዲያን ውሰዱ፤ በ2 ከዚያም በመሬት አማካይ ራዲየስ በ6,371 ኪሎ ሜትር አባዙ። በኛ ምሳሌ ድምሩ 0.001722 ገደማ ይመጣል፤ ርቀቱም እንደገና 529 ኪሎ ሜትር። በኤክሴል ስትሠሩ የሳይንና የኮሳይን ተግባሮቹ የሚቀበሉት ራዲያን እንጂ ዲግሪ ስላልሆነ አስቀድማችሁ ዲግሪውን በ3.14159 አባዝታችሁ ለ180 አካፍሉ። ይህ ካልተደረገ ኤክሴሉ ስህተት አለ አይላችሁም፤ ዝም ብሎ የማይረባ ቁጥር ይሰጣችኋል።

መሬት ፍጹም ሉል ስላልሆነች ሃቨርሳይን እስከ ግማሽ ፐርሰንት ሊሳሳት ይችላል፤ በ529 ኪሎ ሜትር ላይ ከ3 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ለበረራ ጊዜ ይህ ከግማሽ ደቂቃ በታች ስለሆነ አትጨነቁበት።

4. አጭሩን መስመር ወደ በረራ መንገድ ቀይሩ

አውሮፕላን ከመንደርደሪያ ጫፍ ተነስቶ በቀጥታ ወደ መድረሻው አያፈጥም። መንደርደሪያው በሚያሳየው አቅጣጫ ይነሳል፣ በተወሰነለት የመውጫ መስመር ይሄዳል፣ የአየር መንገዶችን ይከተላል፣ ለወታደራዊ ክልል ይዞራል፣ በመጨረሻም ከማረፊያው አቅጣጫ ጋር ለመስተካከል ይጠመዘዛል። ይህ ሁሉ በአጭር በረራ ላይ ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት ይጨምራል። ጭማሪው በፐርሰንት ሲታይ አጭሩ በረራ ላይ ይበዛል፤ ምክንያቱም የመነሻና የማረፊያ ዙሩ መንገዱ ባጠረ ልክ አያጥርም።

ለማመሳከር ያህል፣ ኢካኦ የበረራ ካርቦን በሚያሰላበት ዘዴ ከ550 ኪሎ ሜትር በታች ለሆነ በረራ 50 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በላይ እስከ 5,500 ኪሎ ሜትር ላለው ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። በዚህ ዘዴ የኛ 529 ወደ 579 ያድጋል። እኛ 6 ፐርሰንት ወስደን 303 ኖቲካል ማይል ወይም 561 ኪሎ ሜትር እንበለው። መሀል ላይ ከፍ ያለ ተራራ ወይም የተከለከለ የአየር ክልል ካለ ግን ፐርሰንት መገመቱ አያዋጣም፤ ካርታ ላይ ዙሩን በሁለት ወይም በሦስት ቀጥታ መስመር ከፋፍላችሁ ለክታችሁ ደምሩ።

5. የአውሮፕላኑን ዓይነት ለዩ፣ ጊዜውንም በክፍል በክፍል ቁጠሩ

የአውሮፕላኑ ዓይነት ትኬት መቁረጫው ላይ ከበረራ ቁጥሩ አጠገብ ይጻፋል። ፍጥነቱ የሚነገረው በኖት ነው፤ አንድ ኖት በሰዓት አንድ ኖቲካል ማይል ነው። ኤቲአር 72 ከሆነ በጉዞ ከፍታው ላይ 270 ኖት አካባቢ ይበራል፤ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ዳሽ 8-400 እስከ 360 ኖት ይደርሳል። እንደ ኤምብራየር 190 ያለ ጄት 440 ኖት ገደማ ነው። ነጠላ ሞተሩ ሴስና ካራቫን 170 ኖት አካባቢ ነው።

አሁን ምሳሌያችንን በኤቲአር 72 እናብርረው። ሁለቱም ኤርፖርቶች 1,000 ጫማ ከፍታ ላይ ናቸው፣ የጉዞ ከፍታው 17,000 ጫማ ነው፣ ነፋስ የለም እንበል።

መውጣት፦ 16,000 ጫማ በደቂቃ 1,000 ጫማ ሲወጣ 16 ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ አማካይ ፍጥነቱ 190 ኖት ቢሆን 51 ኖቲካል ማይል ይሸፍናል።
መውረድ፦ አብራሪዎች ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 3 ኖቲካል ማይል ይይዛሉ። ስለዚህ 48 ኖቲካል ማይል፤ በአማካይ 240 ኖት 12 ደቂቃ።
በጉዞ ከፍታ፦ ከ303 ላይ 51 እና 48 ሲቀነስ 204 ይቀራል። በ270 ኖት 45 ደቂቃ።
ለማረፊያ መስተካከል፦ ፍጥነት ቀንሶ ጎማ አውርዶ እስኪያርፍ ተጨማሪ 4 ደቂቃ።
የአየር ላይ ድምር 77 ደቂቃ።
መሬት ላይ መንዳት፦ ሲነሳ 6፣ ሲያርፍ 4።
ከማቆሚያ እስከ ማቆሚያ 87 ደቂቃ፤ የጊዜ ሰሌዳ ላይ 1 ሰዓት ከ30 ተብሎ ይታተማል።

ከ87 ደቂቃ ውስጥ አውሮፕላኑ በሚወራለት ፍጥነት የበረረው 45ቱን ብቻ እንደሆነ ልብ በሉ። የኢንተርኔቱ ማስሊያ ለዚሁ መንገድ 70 ደቂቃ ነበር የሚሰጠው።

ጄት ቢሆንስ? ወደ 33,000 ጫማ ለመውጣት 20 ደቂቃና 110 ኖቲካል ማይል፣ ለመውረድ 18 ደቂቃና 98 ኖቲካል ማይል ያህል ይፈጅበታል። በጉዞ ከፍታ የሚቀረው 95 ኖቲካል ማይል ብቻ ነው፤ 13 ደቂቃ። መስተካከያው 4 ሲጨመር በአየር ላይ 55 ደቂቃ ይሆናል። በፍጥነት ኤቲአሩን በ60 ፐርሰንት የሚበልጥ አውሮፕላን ያተረፈው 22 ደቂቃ ነው። መንገዱ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ቢያጥር ያን ከፍታ ላይ መውጣቱም አያዋጣውም፤ ልዩነቱ ወደ 10 ደቂቃ ይወርዳል። አየር መንገዶች በአጭር መስመር ላይ ፕሮፔለርን የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ተሳፋሪውም ብዙ አይዘገይም።

ይህን ሁሉ ለመቁጠር ጊዜ ከሌላችሁ በአጭሩ መስመር ኪሎ ሜትር ላይ የሚከተለውን ተጠቀሙ። ለኤቲአር 72 ለ8 አካፍላችሁ 20 ደምሩ። ለዳሽ 8-400 ለ10 አካፍላችሁ 20፣ ለጄት ለ13 አካፍላችሁ 25፣ ለካራቫን ለ5 አካፍላችሁ 15 ደምሩ። የሚወጣው ከማቆሚያ እስከ ማቆሚያ ያለው ደቂቃ ነው። ለኤቲአር 529 ለ8 ሲካፈል 66፣ ከ20 ጋር 86።

6. ነፋሱን ጨምሩ

ነፋስን በሚበርበት ከፍታ ላይ ተመልከቱ እንጂ መሬት ላይ ባለው አትፍረዱ። የነፋስ ካርታዎች በግፊት ደረጃ ነው የሚቀርቡት። 500 ሄክቶፓስካል 18,000 ጫማ አካባቢ ስለሆነ ለፕሮፔለር፣ 250 ሄክቶፓስካል 34,000 ጫማ አካባቢ ስለሆነ ለጄት ይሆናል።

ከሀ ወደ ለ የሚወስደው አቅጣጫ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 54 ዲግሪ ነው። ነፋሱ ከምዕራብ በ40 ኖት ቢነፍስ የሚሄደው ወደ 90 ዲግሪ ነው፤ ልዩነቱ 36 ዲግሪ። የ36 ኮሳይን 0.81 ነው፤ በ40 ሲባዛ 32 ኖት ከኋላ ይገፋል ማለት ነው። የአየር ላይ ጊዜው ከ77 ወደ 71 ይወርዳል። በመልሱ ያው ነፋስ ከፊት ይመጣና ጊዜውን ወደ 85 ያደርሰዋል። ደርሶ መልሱ ሲደመር ነፋስ ከሌለበት ቀን ይረዝማል። ከፊት የሚመጣው ነፋስ ለረዘመ ጊዜ፣ ከኋላ የሚገፋው ግን ላጠረ ጊዜ ስለሚሠራ አይካካሱም። “ሲሄድ ይወስዳል፣ ሲመለስ ይመልሳል” ብሎ ነፋስን መተው ስህተት ነው።

7. ትንንሽ ኤርፖርቶች ላይ ብቻ የሚያጋጥሙ ጭማሪዎች

ይህ ክፍል ማስሊያዎች ፈጽሞ የማያውቁት ነው፤ መረጃው ግን በዚያው በኤአይፒ ገጽና በኤርፖርቱ ንድፍ ላይ አለ።

ከመንደርደሪያው ጎን የሚሄድ መንገድ መኖሩን ተመልከቱ። ከሌለ አውሮፕላኑ በመንደርደሪያው ራሱ ላይ እስከ ጫፉ ነድቶ፣ ዞሮ፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። በ2,500 ሜትር መንደርደሪያ ላይ ይህ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይወስዳል። በዚያን ጊዜ ሌላ አውሮፕላን ማረፍ ስለማይችል የሚመጣው ካለ አየር ላይ ይዞራል።

የማረፊያ መሣሪያ አይኤልኤስ ያለው በአንድ ጫፍ ብቻ ከሆነና አውሮፕላኑ ከተቃራኒው በኩል ከመጣ፣ ኤርፖርቱን አልፎ ዞሮ መመለስ ስላለበት ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ያዙ። ዓይን በሚያሳይ ጥሩ ቀን አብራሪው በዓይኑ ሊያርፍ ስለሚችል ይህ ጭማሪ ይቀራል። አንድ በረራ ዛሬ 70፣ ነገ 78 ደቂቃ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ከፍታና ሙቀትንም እዩ። ኤርፖርቱ 6,000 ወይም 7,000 ጫማ ላይ ከሆነና ቀኑ ከሞቀ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ በቀስታ ይወጣል። በሌላ በኩል ወደ 17,000 የሚወጣው 10,000 ጫማ ብቻ ስለሆነ ጊዜው ይካካሳል። መውረዱንም ከመድረሻው ከፍታ አስሉ፤ ከባሕር ጠለል አስልቶ መነሳት የተለመደ ስህተት ነው።

የመንደርደሪያ መብራት ከሌለ ደግሞ ጥያቄው የደቂቃ አይሆንም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ማረፍ ስለማይቻል ከሰዓት በኋላ የዘገየ በረራ ይሰረዛል።

8. ከጊዜ ሰሌዳውና ከትክክለኛ በረራዎች ጋር አመሳክሩ

የሰሌዳ ሰዓቶች በየከተማው የአካባቢ ሰዓት ነው የሚጻፉት። 10:40 ተነስቶ 13:10 የሚደርስ በረራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይመስላል። መነሻው ከዩቲሲ፣ ማለትም ከዓለም የጋራ ማጣቀሻ ሰዓት፣ 2 ሰዓት፣ መድረሻው 3 ሰዓት የሚቀድም ከሆነ ግን 08:40 ተነስቶ 10:10 ደርሷል፤ 1 ሰዓት ከ30። ሁለቱንም ወደ ዩቲሲ ለውጡና ቀንሱ። የበጋ ሰዓት ለውጥ ያለባቸው አገሮች በዓመት ሁለቴ ይህን ያናጋሉ፤ በሙሉ ሰዓት ሳይሆን በ30 ወይም በ45 ደቂቃ የሚለያዩ አገሮችም አሉ።

አየር መንገዶች ዘገየ እንዳይባሉ ሰሌዳው ላይ ትንሽ ትርፍ ደቂቃ ይይዛሉ። ትርፉን ለማየት ፍላይትራዳር24 ወይም ፍላይትአዌር በሚባሉት የበረራ መከታተያ ድረ ገጾች ላይ ያለፉትን በረራዎች ተመልከቱ። ከአሥር የማያንሱ ወስዳችሁ አማካዩን ሳይሆን መሀለኛውን፣ ማለትም ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለውን ያዙ፤ አንድ አየር ላይ ግማሽ ሰዓት የዞረ በረራ አማካዩን ያበላሸዋል። አንድ ጥንቃቄ፦ በአነስተኛ ኤርፖርቶች አካባቢ ምልክት ተቀባይ ስለሚያንስ አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል ከካርታው ሊጠፋ ይችላል። የታየበት የመጨረሻ ቅጽበት ያረፈበት ላይሆን ይችላልና የመጨረሻውን ከፍታ እዩ። ከመሬት 6,000 ጫማ ከፍ ብሎ ከጠፋ ገና 7 ወይም 8 ደቂቃ ይቀረዋል።

9. ቀጥታ በረራ ከሌለ

ሁለት የክልል ኤርፖርቶች ቀጥታ የማይገናኙበት ጊዜ ከሚገናኙበት ይበልጣል። ያኔ ሀን ከትልቁ ኤርፖርት፣ ትልቁን ከለ ጋር ለየብቻ አስሉና በመሀል የመቀያየሪያ ጊዜ ጨምሩ። እያንዳንዱ ኤርፖርት የተወሰነ ዝቅተኛ የመቀያየሪያ ጊዜ አለው፤ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ካልሆኑ ግን ይህ አይጠብቃችሁም፤ ሻንጣ ተቀብሎ እንደገና ማስመዝገብም ይኖራል።

በሰሌዳው ላይ የሳምንቱን ቀኖች ማየት አትርሱ። ከ1 እስከ 7 ያሉት ቁጥሮች ቀኖች ናቸው፤ 1 ሰኞ ነው። የመጀመሪያው በረራ 1፣ 3 እና 5፣ ሁለተኛው ደግሞ 2፣ 4 እና 6 ከሆነ የሁለት ሰዓት ተኩል በረራ መሀሉ ላይ አዳር ይገባበታል።

ርቀቱን የፈለጋችሁት ለዘገየ ወይም ለተሰረዘ በረራ ካሳ ለመጠየቅ ከሆነ የመቀያየሪያውን ዙር አትደምሩ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 መሠረት የካሳውን መጠን የሚለዩት የ1,500 እና የ3,500 ኪሎ ሜትር ድንበሮች የሚለኩት በአጭሩ መስመር ነው። በአንድ ምዝገባ ለተገዛ የመቀያየሪያ ጉዞም ከመጀመሪያው መነሻ እስከ መጨረሻው መድረሻ በቀጥታ እንዲለካ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2017 ወስኗል። በደረጃ 3 ያገኛችሁትን ቁጥር ያለ ምንም ጭማሪ የምትጠቀሙት እዚህ ላይ ነው።